ማለማመድና መተው

«ወርቅ በእሳት፣ ሰው በችግር ይፈተናል» ይባላል። ይህን አባባል የማያውቅ ተማሪ በግቢያችን ያለ አይመስለኝም። የምግብ ቤቱ ሽሮ ሲቀጥን፣ በፈተና ዋዜማ መብራት ሲጠፋ፣ አንዱ ጓደኛችን በውጤቱ ተክዞ ተሸፋፍኖ ሲተኛ፣ ሁላችንም ከአፋችን የምናወጣው ይህንኑ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። አሁን ግን በአንዲት መደብ የቲማቲም ችግኝ ምክንያት አባባሉን እንደገና ለመመርመር ተገድጃለሁ። ለመሆኑ ችግር ሰውን ያጠነክራል? የሚያጠነክር ከሆነስ፣ አንዱ ሌላውን «ይጠንክር» ብሎ ለችግር የመተው መብት አለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መጋቢት ለተግባር ትምህርት ከግቢው አጥር ሥር አንዲት መደብ ደረሰችኝ። ወርዷ አንድ ሜትር ያህል ነው። 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቅሁ መስመር አወጣሁ፤ ዘሩን ዘርቼ ደረቅ ሣር አለበስሁት። ከሳምንት በኋላ ብቅ ብቅ ሲል ሣሩን አነሣሁና በቋሚ እንጨት ላይ ዳስ ሠራሁለት።

ወቅቱ በባሕረ ሐሳብ ጸደይ የሚባለው፣ ገበሬው ግን በልግ የሚለው ነው። በልግ ደግሞ ቃሉን አይጠብቅም። ጠዋት ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመርና በረዶ ይጥላል፤ ከዚያ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ጠብ የሚል ነገር የለም።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የርኅራኄ ስሕተት ነበር። ዳሱን አጥብቄ ከደንሁት፤ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። ችግኞቹም ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ተመዘዙ፤ ቀጫጭንና ገርጣታ ሆኑ። አንዳንዶቹም ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር ከሚገናኝበት ላይ ሰልሎ ወደቁ። እርጥበት ሲበዛ የሚመጣ ሻጋታ ነው። የግቢው አትክልተኛ አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ማሳደግ አይደለም፣ ማሞላቀቅ ነው። ነፋስ ያላየ ችግኝ ማሳ ላይ አይቆምም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ችግኝ ወደ ማሳ ሊዛወር ከ7 እስከ 10 ቀን ሲቀረው ውሃውም ጥላውም ቀስ በቀስ ይቀነስለታል። ይህ ማለማመድ ነው። መነካካትም ቢሆን በተክል ላይ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ማርክ ጃፌ የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ብዙ ዕፅዋት ግንዳቸው ሲታሽ ሽቅብ መመዘዛቸው እንደሚገታ አሳይቷል። ስለዚህ ጥላ ብቻ ያየ ችግኝ ተጎጂ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚሁ ትምህርት ተወለደ። «እንግዲያው ይልመዱት» ብዬ ዳሱን በአንድ ቀን ገፈፍሁት። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በመስኮት አይቼዋለሁ። ዶርም ውስጥ ካርታ እየተጫወትን ነበርና መነሣቱ ከበደኝ። «ይጠንክሩ እንጂ!» አልሁ፤ ጓደኞቼም ሳቁ። በረዶው ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ጠዋት ስሄድ ቆሞ የተገኘው ሲሶው ብቻ ነበር።

እዚያ መደብ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት በዶርማችን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ ልጅ። እንግሊዝኛው አልገባ ብሎት ሌሊት ሌሊት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል። አንድ ማታ ደብተሩን ይዞ ወደ አልጋዬ መጣና፣ «ወንድሜ፣ ይቺን ታስረዳኛለህ?» አለኝ። «ሁላችንም እንዲሁ ነው ያለፍነው፤ ጠንከር በል» አልሁትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጀመር ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ባስረዳው ኖሮ ይቆይ ነበር ወይ? እሱን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። የማውቀው ግን ያን ማታ «ጠንከር በል» ያልሁት ለእንቅልፌ ስል መሆኑን ነው።

እንግዲህ ወደ አባባሉ እንመለስ። ወርቅ እሳት ውስጥ ሲገባም ወርቅ ነው፤ ሲወጣም ወርቅ ነው። እሳቱ እድፉን ያነሣለታል እንጂ ወርቅነትን አይሰጠውም። ችግኝ ግን ገና በመሆን ላይ ያለ ነገር ነው። ለወርቅ የሚበጀው እሳት ለችግኝ ሞቱ ነው። ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ሰው፣ ከሁለቱ ለየትኛው ይቀርባል? ፍርዱን ለአንባቢ ትቻለሁ።

«እኔን ግን ችግር አጠንክሮኛል» የሚል ጓደኛ ይኖራል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ምስክር ሆነው የሚቀርቡት የተረፉት ብቻ ናቸው። ከበረዶው የተረፈችው ሲሶ አፍ ቢኖራት «በረዶ አጠነከረን» ትል ይሆናል፤ መሬት ላይ የተነጠፉት ሁለቱ እጅ ግን ቃላቸውን አይሰጡም። በ1976 ዓ.ም. በወሎ በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ከዳ፤ ሕዝብ አለቀ። በ2007 ዓ.ም. እንደገና በልጉ ብዙ ቦታ ሳይሆን ቀረ። ያን ሰማይ «አስተማሪ» ብሎ የሚጠራ ማን ደፋር ነው? ሰማይ አሳብ የለውም። ዝም ብሎ ይዘንባል፤ ዝም ብሎ ይቀራል። የሚያስተምር ነገር ካለ፣ በሰማዩና በችግኙ መካከል የቆመው እጅ ነው።

የሚያለማምድ ሰውና የሚተው ሰው ቃላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «ይልመደው» ይላሉ። ሥራቸው ግን ይለያያል። የሚያለማምደው ቀን ይቆጥራል፤ ዛሬ ጥቂት ፀሐይ፣ ነገ ከዚያ ጨመር ያለ። ዳሱን ሲያነሣ አያቃጥለውም፤ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ሰማዩ ሲጠቁር ይሮጣል። የሚተወው ካርታውን ይጫወታል። ስለዚህ «ጠንክር» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ሰማዩ ሲጠቁር የት እንደሚገኝ ጠይቁት።

ምሳሌዬ ጉድለት እንዳለው አልክድም። አትክልተኛ ችግኙን የሚያጠነክረው ለራሱ ገበያ ነው፤ ሰው ግን ለማንም ገበታ አይበቅልም። ደግሞም ችግኝ አፍ የለውም፤ ጥላው በዛብኝ፣ ፀሐዩ ከበደኝ ብሎ አይናገርም፤ ቅጠሉን እያየን እንገምታለን። ብንሳሳትም ይህ ማመካኛ ይሆነን ይሆናል። ያ ልጅ ግን ደብተሩን ይዞ መጥቶ በአፉ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ምን ማመካኛ አለኝ?

የተረፉትን ችግኞች አትክልተኛው ባሳዩኝ መሠረት አዛወርኋቸው። የቲማቲም ግንድ አፈር ሲያገኝ ሥር ያወጣል፤ ስለዚህ የተመዘዙትን ጠለቅ አድርጌ እስከ ታችኛው ቅጠላቸው ቀበርኋቸው፤ በመሸም ጊዜ አጠጣኋቸው። አብዛኞቹ ያዙ። የደረሰባቸውን ጉዳት ግን እኔ እንጂ በረዶው አላስተማረኝም ብዬ ልኩራራ አልችልም፤ ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ዘንድሮም አዳዲስ ልጆች ገብተዋል። አንዱ ሌሊት ሌሊት ኮሪደር ላይ ያነባል። እስካሁን ወደ አልጋዬ አልመጣም። ይህን ጽሑፍ እንደጨረስሁ ወጥቼ ምን እንደሚያነብ እጠይቀዋለሁ።