የሟች አደራ በሕያው ጉልበት



ወደ ማኅበራችን ቢሮ የሚመጣው ወረቀት ብዙ ዓይነት ነው። የአርኖና ሂሳብ፥ የቢቱሕ ለኡሚ ደብዳቤ፥ ከልጆች ትምህርት ቤት የተላከ ጥሪ፤ ተርጉሙልን ይሉናል፥ እንተረጉማለን። ባለፈው ክረምት ግን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ይዘውት የመጡት ወረቀት በአንድ ቃል ላይ አስቆመን። ይህን የምንጽፈው በእነርሱ ፈቃድ፥ ስማቸውን ሳንጠራ፥ ስለዚያ ቃል ነው።

እናቲቱ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጥተው መጀመሪያ የኖሩት በናሃል ቤካ ካራቫን ውስጥ ነበር። ልጃቸው ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቤር ሼቫ ነው። በውትድርና ዘመኑ ቀኝ ጉልበቱ ተጠምዝዞ መኒስኩሱ ተቀደደ፤ ሊሰፋ የማይችል ሆኖ ስለተገኘም ወጣ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ደኅና ሰነበተ። አሁን ግን ዕቃ ሲጭንና ሲያራግፍ ከሚውልበት መጋዘን ሲመለስ ጉልበቱ ያብጣል፤ ደረጃ መውረድም ያስጨንቀዋል። ኦርቶፔዱ ከሞተ ሰው የተወሰደ መኒስኩስ ሊተከልለት እንደሚችል ነግሮ፥ አንብቦ የሚፈርምበትን ወረቀት ሰጠው።

እናቲቱ ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፥ የሙት ሥጋ ይዘህ ደጄን ልትረግጥ ነው?» አሉት። እሱም «እማዬ፥ ሃጽላሓ አለው ተብሏል» አላቸው። ያስቆመን ቃል ይኸው ሃጽላሓ ነው። በቁሙ «መሳካት» ማለት ነው። ነገር ግን «ይሳካለታል» ብንላቸው እናቲቱ የሚሰሙት «ይድናል» የሚለውን ነው፤ ዳነ የተባለ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ነገሩ ያለቀለት ሰው ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል ወይ?

ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ነበረብን። መኒስኩስ በጭን አጥንትና በቅልጥም መካከል፥ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ በኩል፥ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ የተቀመጠ ልም አጥንት ነው። የሰውነትን ክብደት ተቀብሎ ያዳርሳል። እርሱ ከሌለ ክብደቱ በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የወፍጮው ድንጋይና መጁ እህል ሲያልቅባቸው እርስ በርሳቸው እንደሚፋጩ ሁሉ፥ አጥንቱን የሸፈነው ለስላሳ ልባስ ከዓመት ወደ ዓመት ይበላል። ይህ ዛሬ ግልጽ ይመስላል፤ ሐኪሞች ግን ለረጅም ዘመን አላወቁትም። በ1897 ሰተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መኒስኩስን ሥራ የሌለው የጡንቻ ቅሪት ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ በታመመም ጊዜ እያወጡ ይጥሉት ነበር። በ1948 ፌርባንክ የተባለ ሌላ ሐኪም መኒስኩሳቸው የወጣ ሰዎችን ጉልበት በራጅ ተመልክቶ፥ አጥንቱ እየተለወጠ መሄዱን አሳየ። ከዚያም በኋላ እንኳ ልማዱ ቶሎ አልቆመም። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው የማያውቀውን ነገር ጥቅም የለውም ማለቱ በሕክምና ብቻ ያለ ነገር አይደለም።

በ1984 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ሚላኮቭስኪና ባልደረቦቹ የሟች መኒስኩስ በሕያው ሰው ጉልበት ውስጥ ተከሉ። በዚያው ዓመት የእኛ ሰዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ይጓዙ ነበር። በመንገድና በመጠለያ የቀሩት በሺህ ይቆጠራሉ፤ ከደረሱትም የብዙዎቹ ጉልበት እዚያው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ይቻላል። ይህ ቀዶ ጥገና ግን ለእነዚያ አረጋውያን አልተሠራም። የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በታች ለሆነ፥ እግሩ ላልጎበጠ፥ ጅማቱ ለጸና፥ የአጥንቱም ልባስ ገና ላላለቀ ሰው ነው።

ልም አጥንቱ ከሟች ይወሰዳል፥ በሽታ እንዳይኖርበት ይመረመራል፥ በብርድ ይቀመጣል፤ መጠኑም ከተቀባዩ ጉልበት ጋር ይመሳከራል። ኩላሊት እንደተተከለለት ሰው የዕድሜ ልክ መድኃኒት አያስፈልግም። ለሳምንታት በክራንች መሄድ፥ ለወራትም ፊዚዮቴራፒ አለ። ውጤቱ ለረጅም ዘመን ሲታይ፥ ከብዙ ጥናቶች እንደተሰበሰበው፥ ከ10 ዓመት በኋላ ከአሥር ሰው በሰባቱ ገደማ የተተከለው በቦታው ይገኛል፤ ከ15 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ ስድስት ይወርዳል። ጥቂት የማይባሉት በመካከሉ ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል። ሕመሙ በብዙዎች ዘንድ ይቀንሳል፤ የአጥንቱን ልባስ ከመበላት ያድናል የሚለው ግን እስከ ዛሬ በማያጠራጥር መንገድ አልተረጋገጠም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን «በቦታው ይገኛል» የሚለውን እንመልከት። ሐኪሞች ወደቀ ብለው የሚመዘግቡት ብዙውን ጊዜ የተተከለው ሲወጣ ወይም ሰው ሠራሽ ጉልበት ሲገባ ነው። እንግዲያውስ ልም አጥንቱ ሳይወጣበት ሌሊቱን በሕመም የሚያድር ሰው በመዝገቡ ከተሳካላቸው ጋር ሊቆጠር ይችላል። በ12ኛው ዓመት የወጣበት ደግሞ «ወደቀ» ይባላል፤ በእነዚያ 12 ዓመታት ልጁን አዝሎ አራተኛ ፎቅ መውጣቱ፥ ሠርቶ መግባቱ፥ በሰርግ መጨፈሩ ግን በመዝገቡ የለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ልም አጥንቱ ነው። እናቲቱ የሚጠይቁት ስለ ልጃቸው ነው።

ሃጽላሓን በመጨረሻ «ጊዜ ይሰጠዋል» ብለን ተረጎምነው። ከመካከላችን አንድ አዛውንት ተቆጡ። «ይድናል በሉት እንጂ! ተስፋ የቆረጠ ሰው መድኃኒት አይሠራለትም» አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ክፉ ወሬ በድንገት የማይነገርበት፥ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ የሚነገርበት ሕዝብ ነን፤ ቃልን ማለዘብ በእኛ ዘንድ ውሸት አይደለም፥ እንክብካቤ ነው። ነገር ግን መርዶን ማዘግየት የሞተውን አይለውጥም፤ ያዘነውን ለጥቂት ሰዓት ያሳርፋል እንጂ። ይህ ወጣት ግን ገና የሚመርጠው ነገር አለው። ጊዜ ብቻ እንደሚሰጠው ካወቀ ከመጋዘኑ ወጥቶ ሌላ ሙያ ለመማር ሊያስብ ይችላል። ዳንክ ካልነው ያንኑ ሣጥን ይሸከምበታል፤ የተሰጡትንም ዓመታት በከንቱ ይጨርሳል። ስለዚህ የአዛውንቱን ልብ እያከበርን፥ በዚህ አልተስማማንም።

የእናቲቱ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። «የሙት ሥጋ» ያሉት ከባዶ ተነሥተው አይደለም። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 19 የሞተ ሰው የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ይሆናል ተብሎ ተጽፏል፤ በጎንደር መንደሮቻችን የቀበሩ ሰዎች ከቤት ተለይተው ሰባት ቀናቸውን ይቆጥሩ እንደነበር እናቲቱ በዓይናቸው አይተዋል። የጠየቅናቸው አንድ ቄስ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ለነፍስ ከሆነ ማን ይከለክላል? ለጉልበት ግን…» ብለው ነገሩን ተዉት።

ለጉልበት ግን። በአማርኛ ጉልበት መታጠፊያው ብቻ አይደለም፥ ኃይልም ነው፤ ልጆቻችን በዕብራይስጥ ቤሬኽ ሲሉ ግን መታጠፊያውን ብቻ ማለታቸው ነው። በክንዱና በእግሩ እንጀራ ለሚበላ ሰው ሁለቱ የሚለያዩ አይመስለንም። ኋላ የእስራኤል ዋና ራቢ የሆኑት ራቢ ኢሰር ይሁዳ ኡንተርማን ስለ ዓይን ብሌን በጻፉት ላይ፥ በሕያው ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ሕይወት ያገኘ አካል እንደ ሙት አይቆጠርም የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በመኒስኩስም የሚሆነው ይህን ይመስላል። የሟቹ ሕዋሶች ይጠፋሉ፤ ቀስ በቀስ የተቀባዩ ሕዋሶች ገብተው ይሰፍሩበታል። ከሟቹ የሚቀረው ማገሩና ቅርጹ ነው፤ አንዱ በሠራው ጎጆ ሌላው እንደሚገባበት። ይህን ስንነግራቸው እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን በእጃቸው ያዙ።

ለእኛ ከዚህ የሚከብደው ሌላው ወገን ነው፤ የሰጪው። ለነፍስ የማይሆን፥ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት ብቻ የሚያገለግል ነገር ከሐዘንተኛ ቤተሰብ መጠየቅ ተገቢ ነውን? በዚህ አገር ሟቹ በሕይወቱ የአዲ ካርድ ቢፈርም እንኳ ቤተሰቡ ይጠየቃል። በ2008 የወጣው ሕግ ለፈረመ ሰው አካል በሚጠበቅበት ተራ ላይ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ብድር በምድር እንደማለት ነው። ነገር ግን እኛን ስጡ የሚለን ሁሉ አንድ ነገር ሊያስታውስ ይገባዋል። በጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ፥ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድ የለገሱት ደም ለሰጪዎቹ ሳይነገር በምስጢር ይጣል እንደነበር ገለጸ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሓቅ ናቮን የሚመራ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። የተጎዳው ገላችን አልነበረም። ሰጥተን፥ አመሰግናለሁ ተብለን፥ ስጦታችን ከበስተኋላችን መደፋቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ውስጥ ስለ መስጠት ሲነሣ ወሬው ይቋረጣል።

እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። ያኔ የጠየቅነው መስጠታችን እንዲቀር አልነበረም፤ ስጦታችን እንደ ሰው ስጦታ እንዲቆጠር ነበር። ይህን የጠየቀ ሕዝብ የሌላውን ሟች ስጦታ ትንሽ ነው፥ ለጉልበት ብቻ ነው፥ ዘላለም አይቆይም ብሎ ሊያቃልለው አይችልም። አሥር ዓመት ያለ ሕመም መራመድ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰጪውም ዘላለምን አልሰጠም፥ ያለውን ሰጠ። የሚቀበል ሰው ደግሞ፥ ፈቅዶ እስከተቀበለ ድረስ፥ ስለ መስጠት በቤቱ ሊነጋገር ይገባል እንላለን። ይፈርም አንልም። ይነጋገር።

ልጁ እስካሁን አልፈረመም። በሁለተኛው ጊዜ ሲመጡ እናቲቱ ለሐኪሙ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ በዕብራይስጥ እንድንጽፍላቸው ለመኑን። የሰጪው ማንነት እንደማይነገር አስቀድመን አስረዳናቸው፤ ይሁን እንጂ ጻፉልኝ አሉ፥ ጻፍንላቸው። ጥያቄያቸው ይህ ነው፤ «ስሙን ካልነገራችሁኝ ተዝካሩን በማን ስም ላውጣ?»