ስለ እንግዳ ዋጋ

በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ወደ አጣና ተራ ማልዶ የሄደ ሰው የገበያ ክርክር ሳይሰማ አይመለስም። ቤት ሠሪው የባሕር ዛፉን አጣና እያገላበጠ «ጠማማ ነው፤ ቀጭን ነው» ይላል፤ ባለ አጣናውም «እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ እንጨት ከወዴት ታገኛለህ?» ብሎ ይመልሳል። (ባሕር ዛፉ ራሱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ዛሬ ግን እንግዳ ነህ የሚለው የለም።) ገዥው ሁለት ጊዜ ትቶ ይሄዳል፥ ሁለት ጊዜም ይጠራል፤ በመጨረሻም ተስማምተው ይለያያሉ። ገዥ ዕቃውን ሲያናንቅ ቆይቶ፥ ገዝቶ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው እንደሚመካ መጽሐፈ ምሳሌ በ20ኛው ምዕራፍ ይነግረናልና፥ ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም።

ከአማኞች መካከል እንዲህ ያለው ክርክር ሁሉ ሐሰት ነው ያሉ ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የተነሡት ኩዌከሮች የተባሉ ክርስቲያኖች ከመጀመሪያው አንድ ዋጋ ተናግረው ከዚያ አንወርድም ይሉ ነበር፤ ሕፃን እንኳ ቢላክ እንደ አዋቂ ይገዛ ዘንድ። ይህ ልማድ በመጀመሪያ ገበያተኛ አሳጣቸው፤ ኋላ ግን ሰው አመናቸው። እኔ ግን ክርክር ሁሉ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ ሻጩም ገዥውም ካወቁ ማን ማንን አታለለ? ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሲከራከር ጤና ይጠይቃል፥ ስለ ልጆቹ ይጠያየቃል፤ ሲጨርስም ምራቂ ተጨምሮለት ይሄዳል።

ልማዱን የማያውቅ እንግዳ በመጣ ጊዜ ግን ያው ቃል ወጥመድ ይሆንበታል። ሰው ለዚህ «የፈረንጅ ዋጋ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ስም የወጣለት ኃጢአት ደግሞ ልማድ ይመስላልና ለመተው ይከብዳል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ስለ መጻተኛው የተሰጠው ትእዛዝና ስለ እውነተኛ ሚዛን የተሰጠው ትእዛዝ ተከታትለው መጻፋቸውን ልብ በል። «ፈረንጅ ብዙ አለው» የሚል ሰው ይኖራል። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። በላሊበላም የውጭ አገር ጎብኚ ለመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሊሳለም የሚመጣው ኢትዮጵያዊ ግን አይከፍልም። ይሁን እንጂ ዋጋው በግልጥ የተነገረ ነውና ይህን ማታለል ብሎ የሚጠራው የለም። እንግዲህ ክፋቱ ካለው ሰው አብልጦ በመቀበል አይደለም፤ በመሸሸጉ ነው እንጂ።

ከዚህም የሚከፋው መሐላው ነው። «ማርያምን፥ በገዛሁበት ነው የሰጠሁህ» ይላል፤ በገዛበት ግን አልሰጠም። ጌታ ልብሱን ገፍፈው ዕጣ የተጣጣሉበት ስፍራ ቀራንዮ ነበረ፤ በዚያ ስም በተጠራ ቀበሌ ለአንድ ነጠላ ትርፍ የእናቱን ስም በሐሰት መጥራት ምንኛ ያሳፍራል!

እንግዳውም ቢሆን ከነቀፌታ አያመልጥም። ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው የሚል ምክር ሰምቶ ከአገሩ የወጣ መንገደኛ፥ ለአንድ ቀን እራቱ ከሚከፍለው ለሚያንስ ገንዘብ ጉሊት ከተቀመጠች ሴት ጋር ግማሽ ሰዓት ይከራከራል፤ ድል ባደረገም ጊዜ ለባልንጀሮቹ ይተርከዋል። ለእርሱ ጨዋታ ነው፤ ለእርስዋ ግን የልጆቿ ምሳ ነው። እኛም በተራችን መንገደኞች ነን። ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የሚወርዱት ምእመናን፥ ወደ ዱባይና ወደ ጓንዡ ለንግድ የሚሻገሩት ነጋዴዎች በዚያ አገር መጻተኞች ናቸውና፥ እጥፍ ዋጋ ሲጠየቁ «ዘረፉን» ብለው ይመለሳሉ። በአገራቸው የሚያደርጉት ግን በዚያን ጊዜ አይታሰባቸውም።

አባታችን አብርሃም በኬጢያውያን መካከል መጻተኛ ሳለ ሣራን የሚቀብርበት ዋሻ ፈለገ። ኤፍሮን ነገሩን በስጦታ ጀምሮ በ400 ሰቅል ብር ጨረሰው። ነቢዩ ኤርምያስ በዓናቶት እርሻ የገዛው በ17 ሰቅል ነበር። ዘመኑም ስፍራውም የተለያየ ነውና ኤፍሮን አታለለ ብዬ አልፈርድም። አብርሃም ግን አንድ ቃል ሳይከራከር በሕዝቡ ፊት መዝኖ ከፈለ፤ ሬሳ አስቀምጦ የመጣ እንግዳ ምን ብሎ ይከራከራል?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር ሰው ጋቢ ሊገዛ ወድዶ በኮልፌ ወደ አንዲት አሮጊት ሱቅ ይዤው ገባሁ፤ የማስተረጕመው እኔ ነበርሁ። አሮጊቲቱ ለእኔ ብትሸጥ ከምትጠራው ሦስት እጥፍ ጠራች፤ ወዲያውም ፈገግ ብላ «ልጄ፥ እንጀራዬን አትዝጋብኝ፤ ለእርሱ ምኑም አይደል» አለችኝ። እንግዳው ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ይህ በአገራችሁ በስንት ይሸጣል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «የጋቢ ዋጋ አላውቅም» አልሁት። እርሱም የተጠራውን ከፈለ።

ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ስንሄድ ሕሊናዬ ወቀሰኝና ነገሩን ገለጥሁለት። አልተቈጣም። «ዋጋው ከፍ ያለ እንደ ሆነ ገምቼ ነበር፤ ሴትዮዋ አርጅታለችና ልከራከራት አልወደድሁም። እርስዋ ሻጭ ናት፥ የሻጭ ነገር ተናገረች» አለኝ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም «አንተን ግን የጠየቅሁህ እንደ ወዳጅ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ አየር ጤና እስክንደርስ አልተነጋገርንም።