የኢዮብ ወዳጆች መጠይቅ

ነገሌ ቦረና ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ጻድቁ ኢዮብ ይለዋል፤ መስጊድ የሚሄደው ነቢዩ አዩብ። ከብት አርቢ አገር ነውና የኢዮብን ኪሳራ ማስረዳት አያስፈልግም። 7,000 በግ፣ 3,000 ግመል፣ 500 ጥማድ በሬና 500 አህያ ማጣት ምን እንደሆነ እዚያ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

እኔም እዚያው ያደግሁ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ነኝ። በኢዮብ ታሪክ ውስጥ እረፍት የሚነሱኝ ወዳጆቹ ናቸው። መጀመሪያ 7 ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከሠሩት ሁሉ የሚሻለው ይህ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የመከራውን ምክንያት ከራሱ ከኢዮብ ውስጥ መፈለግ ጀመሩ፤ በድለህ ይሆናል አሉት። እኛ የዘመኑ ምሁራን በደል የሚለውን ትተን “ዝቅተኛ ጽናት”፣ “ደካማ የመማር ተነሣሽነት” እንላለን። ፍለጋው ግን ያው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ሰባት ያህሉ ሲወድቅ ሁሉም ሰነፍ ነበር ማለት የኢዮብን ወዳጆች መሆን ነው።

ይኸው ውጤት በተነገረበት በ2015 ዓ.ም. ለተማሪዎቼ የጽናት መጠይቅ አደልኩ። ከችግር በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያገግሙ ከ1 እስከ 5 እንዲያከብቡ የሚጠይቅ ነው። ከያቤሎ ወገን የመጣ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ጠጋ አለኝና፣ “ቲቸር፣ ብቻዬን ነው ወይስ ከነቤተሰቤ?” አለ። በቦረና ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈው ነበር፤ ጋና የሚባለው ዋናው ዝናብም፣ ሃገያ የሚባለው አጭሩም። ቤተሰቡ ዱብሉቅ የተፈናቃዮች መጠለያ ገብቷል። ክፍል ውስጥ ስልኩን ሰርቆ የሚያየው ለተረፉት ላሞች ድርቆሽ መገኘቱን ለማወቅ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊልማር ሻውፌሊና ባልደረቦቹ ተማሪ በትምህርቱ መጠመዱን በጉልበት፣ በቁርጠኝነትና በተመስጦ ይለኩታል። ይህ ልጅ ሦስቱም ነበሩት፤ የሚያውላቸው ግን ዱብሉቅ ነበር።

ጽናት ከሰውየው ውስጥ ብቻ እንደማይመነጭ ሳይንሱ ራሱ አይክድም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ወርነር በሃዋይ የካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትላለች። በድህነትና በቤት ውስጥ ሁከት ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው ወጡ፤ ከብዙዎቹ ጀርባ ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ አዋቂ ነበር። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያንም ተነሣሽነት የሚያድገው ሰው በራሱ ጉዳይ ሲወስን፣ እንደሚችል ሲሰማውና ከሌሎች ጋር ሲተሳሰር ነው ብለዋል። መጠይቁን ስናባዛ ሦስተኛውን እንዘነጋለን።

ሃይማኖቶቻችን አልዘነጉትም። ለተጎዳው ሰብርን፣ ማለትም ትዕግሥትን፣ ያዘዘ እስልምና ላለው ዘካን ግዴታ አድርጎበታል። ትዕግሥትን የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ምጽዋትን ከጾምና ከጸሎት አትነጥልም። በቦረና ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ያመለክታል፣ ጎሳውም ከብት አዋጥቶ ይሰጠዋል። እንደ ልመና አይቆጠርበትም፤ የጎሳው አባል ነውና ይገባዋል። ኢዮብም ቢሆን ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት ሲባል ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና የሚያውቁት ሁሉ ቤቱ መጥተው አብረውት በልተዋል፣ እያንዳንዳቸውም ገንዘብና የወርቅ ቀለበት ሰጥተውታል። በሁሉም ዘንድ ለተጎጂው የታዘዘው ትዕግሥት ለጎረቤቱ ከታዘዘው ግዴታ ጋር አብሮ ነው የመጣው። እኛ የመጀመሪያውን ወስደን ሁለተኛውን ጣልን።

“የተማሪው ድርሻ ታዲያ የት ገባ?” የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጎሳው የሰጠውን ላም የሚያግደው ተቀባዩ ነው፤ ማታ ቤተ መጻሕፍት የሚያመሸውም ተማሪው ራሱ ነው፣ ማንም አያጠናለትም። ፈጣሪም ሰውን ሲፈጥር ፈቃዱን አልነጠቀውም። ነገር ግን ላም ያልተሰጠውን ሰው አላገድክም ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። ድርቅ ሰጪውንም ተቀባዩንም አንድ ላይ ሲመታ ደግሞ ጎሳው የሚያዋጣው ያጣል። ያኔ ጎሳ መሆን ያለበት አገሩ ነው፤ ለዚያ ተማሪ ደግሞ አገር ማለት በየቀኑ የሚያየው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ስለዚህ ጽናትን ከተማሪው የመጠየቅ መብት የምናገኘው የድርሻችንን ካዋጣን በኋላ ነው። መዋጮው ትልቅ አይደለም፤ የሳሙናና የመንገድ ገንዘብ፣ ቤተሰቡ ለተፈናቀለ ተማሪ ወደ ሌላ ቀን የተላለፈ ፈተና፣ ስሙን የሚያውቅ አንድ መምህር። ለሙያ ባልደረቦቼም ይህን እላለሁ፤ መጠይቃችሁ ላይ “ስትወድቅ ማን ያነሣሃል?” የሚል ጥያቄ ጨምሩ። “ማንም” የሚል መልስ ያገኘ ተመራማሪ ውጤቱን ከማሳተሙ በፊት ልጁን አስጠርቶ ያነጋግረው።