ጠጠሩ የማን ነው?

መኪናዬን ቀለም ካስቀባሁ ገና ሳምንቴ ነው። ከጅማ አጋሮ ደርሼ ወደ ገጠሩ የሚገባውን የጠጠር መንገድ ስይዝ፣ ከፊቴ ካለው አይሱዙ ራቅ ብዬ በዝግታ ነዳሁ። አዲስ ቀለም በደንብ እስኪጠነክር ለስላሳ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጠጠር የሚመታበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያሰላሁት ለኮፈኔ ነበር።

አይሱዙው ያስፈነጠረው ጠጠር እሸት ቡና በጆንያ የተሸከመች ልጅ ቅልጥም ላይ አረፈ። ራቅ ብዬ ባልነዳ ኖሮ አላይም ነበር። ለካስ የእኔም ጎማ ይወረውራል! ስንት ዓመት በዚሁ መንገድ ስበር በመስታወቱ ያየሁት አቧራ ብቻ ነው።

አሁን በዝግታዬ እግረኛው ተርፏል። ታዲያ ለቀለም ተብሎ የተደረገ፣ በጎ ሥራ ይባላል? አይባልም ባይ ነኝ። ልጅቷን ብጠይቃት ግን፣ ምክንያቴ ምን ይሁን ምን፣ ቀስ በልልኝ የምትለኝ ይመስለኛል። ቀለሙ ከጠነከረ በኋላ እንዴት እንደምነዳ ራሴን ጠይቄ ገና አልመለስኩም።