ሌባ የተባለው የባሕር ወፍ

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ባሕር ያየሁት ከጐለመስሁ በኋላ ነው፤ አሁን የምነግራችሁንም ወፍ ያወቅሁት ከመጽሐፍና ከሲኒማ ነው እንጂ በዓይኔ አይቼው አይደለም። ዳሩ ግን ስለ እርሱ ካነበብሁ ወዲህ አንድ የቆየ የራሴ ጥፋት ትዝ እያለኝ ዕረፍት ስለ ነሣኝ፥ ሁለቱን አያይዤ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ወፉ ፍሪጌት ይባላል። ፍሪጌት በሸራ ይነዳ የነበረ ፈጣን የጦር መርከብ ስም ነው፤ ወፉ ሌሎቹን ወፎች በአየር ላይ እያሳደደ ሲዘርፍ ያዩ መርከበኞች በዚያው ስም ጠሩት። ዓይነቱ 5 ሲሆን የሚኖረው በሞቃት ባሕሮች ላይ ነው። መልኩ ጥቁር ነው፤ ክንፉ ረጅምና ቀጭን፥ ጅራቱ እንደ መቀስ የተከፈለ፥ የመንቆሩም ጫፍ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። የትልቁ ዓይነት ክንፍ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ሰውነቱ ግን 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። አጥንቱ በሙሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከላባው ይቀላል ይባላል። ወንዱ በጉሮሮው ሥር ቀይ ከረጢት አለው፤ ሴቲቱ በላዩ ስትበር ያን ከረጢት ደረቱን እስኪሸፍን ድረስ ይነፋውና፥ መንቆሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ ክንፉን እያርገፈገፈ ይጣራል። በበዓል ቀን አዲስ ከረባት አስሮ የሚወጣ ጐረምሳ ባየሁ ቁጥር ይህ ወፍ ትዝ ይለኛል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የባሕር ወፍ ሆኖ ሳለ በባሕር ላይ ለማረፍ አለመቻሉ ነው። ላባው እንደ ዳክዬ ላባ ውሃ የሚገፋ አይደለምና ከራሰ ይከብደዋል፤ እግሩም አጭርና ለዋና የማይመች ነው። ስለዚህ ከደሴት ከተነሣ በኋላ ያለው ምርጫ መብረር ብቻ ነው። በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ባለችው በዩሮፓ ደሴት የሚገኙትን ወፎች በመሣሪያ የተከታተሉ ሊቃውንት በ2016 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንደ ገለጹት፥ ወጣቶቹ ወፎች አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፉ እስከ 2 ወር ድረስ በአየር ላይ ይቆያሉ፤ በደመና ውስጥ ያለው ነፋስ እያነሣቸውም ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። በዚያው ዓመት በጋላፓጎስ ደሴቶች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ወፉ እየበረረ እንደሚተኛ አሳየ። ይህም እንቅልፍ በአማካይ በቀን 42 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በየብስ ሲያርፍ ግን ከ12 ሰዓት በላይ ይተኛል።

አሁን ወደ ክፉ ስሙ እንምጣ። ቡቢ የሚባሉ ሌሎች የባሕር ወፎች አሉ፤ ከከፍታ እንደ ጦር ተወርውረው ውሃ ውስጥ በመጥለቅ ዓሣ ያጠምዳሉ። ስማቸው ሞኝ ከሚለው የእስፓኝ ቃል የወጣ ነው ይባላል፤ ሰውን ስለማይፈሩ መርከበኞች በእጃቸው ይይዟቸው ነበርና። ቡቢዋ ጠግባ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ ፍሪጌቱ ከላይ ይወርድባትና ጅራቷን ይዞ ይወዘውዛታል፤ ተጨንቃ የበላችውን ስትተፋ ምግቡ ባሕር ሳይነካ በአየር ላይ ይቀልበዋል። ኮሎምቦስ በ1492 ዓመተ ምሕረት በመስከረም ወር አትላንቲክን ሲያቋርጥ ይህን ወፍ አይቶ በመንገድ ማስታወሻው አስፍሮታል። ወፉ ሌሎቹን እያስተፋ እንደሚበላ፥ ከዚህም በቀር ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለው፥ ከየብስም ብዙ እንደማይርቅ ጻፈ።

ማስተፋቱ እውነት ነበረ። የቀረው ሁለቱ ቃል ግን ስሕተት ነው። ወፉ ከየብስ ምን ያህል እንደሚርቅ አይተናል። መተዳደሪያውን በተመለከተ፥ በፓስፊክ ውቅያኖስ በሄንደርሰን ደሴት የተደረገና በ1994 የታተመ ጥናት ከዘረፋ የሚያገኘው ምግብ በአማካይ ከሚያስፈልገው ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ መሆኑን ገምቷል። የቀረውን ራሱ ያጠምደዋል። ትልልቅ ዓሦች ከሥር ሲያሳድዷቸው ከውሃ ዘለው የሚወጡትን በራሪ ዓሦችና ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት፥ ላባውን ሳያርስ በመንቆሩ ጫፍ ለቅሞ ያነሣል። እናቲቱም የምታሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ሲሆን፥ መብረር ከጀመረም በኋላ ለብዙ ወራት ትመግበዋለች።

እንግዲህ ሰው ይህን ያህል ዘመን ስለምን ተሳሳተ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሰው የሚቆምበት ስፍራ ነው። ዘረፋው የሚሆነው በደሴቲቱ አጠገብ፥ በጩኸትና በግርግር፥ በተመልካች ራስ በላይ ነው። ጥረቱ ግን ማንም በሌለበት በሩቁ ባሕር ላይ ነው። ያየነው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያየነው ለእኛ የቀረበውን ብቻ ነው።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በልጅነቴ በአንድ የገጠር ደብር የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ደበሎ ለብሰን አኮፋዳ አንግተን፥ በየመንደሩ እየዞርን ቁራሽ ለምነን እናድር ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ ከእኛ ጋር ነበረ። አንድ ቀን ማታ እግሩን ውሻ ነክሶት ባዶ አኮፋዳ ይዞ ተመለሰ። ሌሊት በጐጆዬ ኮሽታ ሰምቼ ብነቃ፥ ከራስጌዬ ከሰቀልሁት አኮፋዳ እንጀራዬን አውጥቶ ሲበላ ያዝሁት። አልካደም። በማግሥቱ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት «ጭልፊት» አልሁት። ሁሉም ሳቁ፤ ስሙም ያን ዕለት ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ቁራሽ በጠፋ ቁጥር፥ አይጥም ይብላው ድመት፥ የሚጠራው ጭልፊት ነበረ። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ሁለተኛ ሲሰርቅ ያየው አንድም ሰው የለም። ይልቁንም እኔ ንዳድ ይዞኝ ዐሥር ቀን በተኛሁ ጊዜ በእኔ አኮፋዳ እየለመነ ያበላኝ እርሱ ነበረ። የኔታ «ማን አበላህ?» ብለው ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እንደ መለስሁ ታውቃላችሁ? «ጭልፊት» አልኋቸው። እንጀራው ገና በአፌ ነበረ።

ይህን ሳስብ የሚያስቸግረኝ ዋሽቼ አለመሆኔ ነው። ሐሰት ቢሆን ኖሮ ምስክር ይመጣበትና ይፈርስ ነበር። እኔ ግን በአንድ እውነት ላይ ቆሜ ነው የበደልሁት። «ሰረቀ» ያልን እንደ ሆነ ቃሉ ቀን አለው፤ የሆነበት ሌሊት አለ፥ ያ ሌሊትም ይነጋል። «ሌባ ነው» ያልን እንደ ሆነ ግን ቀን የለውም፤ ትናንትንም ነገንም ይዞ ይቀመጣል። ያን ልጅ ከአንድ ሌሊት አንሥቼ በዕድሜው ሁሉ ላይ የሰቀልሁት እኔ ነኝ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ለተነጠቀችው ቡቢ ከመቶ 5 እጅ የሚለው ሒሳብ ምን ይረባታል?» ይል ይሆናል። ልክ ነው። እኔም ያን ሌሊት ጦሜን አድሬአለሁ፤ ረኃቡ ረኃብ ነበረ። ሌባው ራሱ «የቀረውን ጊዜ በላቤ ነው የኖርሁት» ብሎ ሒሳቡን ይዞ ቢመጣም ዳኛ ሊቀበለው አይገባም። ስርቆትን ሌላ ስም ስጡት አላልሁም። ሕግ ያልተሰጠው ወፍማ ሌባ ሊባል አይችልም፤ ቃሉ የእኛ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም። በሰው ግን ቃሉ ይሠራል። ፍሪጌት ሌባ ቢሉት አይሰማም፤ ያ ልጅ ግን ቁራሽ ጠፋ በተባለ ቁጥር፥ ማንም ሳይጠይቀው፥ አኮፋዳውን ገልብጦ ያሳየን ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ከባለቤቴ ጋር ስሄድ፥ ከበስተኋላዬ አንድ ሰው በክርስትና ስሜ ጠራኝ። እርሱ ነበረ። ጠጕሩ ሸብቷል፤ አንድ ወጣት ልጅም አስከትሏል። ተቃቅፈን ተሳሳምን። ስለ እናቴ ጠየቀኝ፤ ንዳዱ ተመልሶብኝ እንደ ሆነም ጠየቀኝ። እኔም ከባለቤቴ ጋር ላስተዋውቀው ብዬ «አብሮኝ የተማረ ወንድሜ ነው፤ ስሙም» አልሁና ቆምሁ። አንድ ስም ብቻ ነበር በአፌ የመጣው። ልጁ ቀና ብሎ ያየኛል። እርሱ ጥቂት ጠበቀኝ፤ ከዚያ እጁን ለባለቤቴ ዘረጋና ስሙን ራሱ ነገራት።