ውኃ፣ ሣርና እሳት፦ የሁለት ቀን እንግዳ ምን ዕዳ አለበት?



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙዎቻችሁ ከቤተሰብ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ትሄዳላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የዘመድ ጥየቃ ናቸው፤ ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት፣ ከቡና ወደ ምሳ። ከዚያ አንዱ የአጎት ልጅ «ለሁለት ቀን ወጣ እንበል» ይላል። ጉዞው ወይ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ቢሾፍቱ ነው፣ ወይ ደግሞ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ እስከ ላንጋኖና ሻላ ይዘልቃል። ሐይቅ፣ ፍል ውኃ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሲመሽ ደግሞ በምትኖሩበት ከተማ የማይታይ ያን ሁሉ ኮከብ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ግን ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። «ለሁለት ሌሊት ሎጅ የከፈልነው ገንዘብ ለአንድ ዘመዳችን የወራት የቤት ኪራይ ይሆን ነበር። ይህ ኢስራፍ አይደለም ወይ?»

ይህን የሚጠይቅ ልብ ጤናማ ልብ ነው። ፈትዋ የዑለሞች ድርሻ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሆኖም ዲናችን ማረፍን አልከለከለም፤ የቤተሰቡንና የድኻውን ሐቅ የተወጣ ሰው በሐላል ገንዘቡ ሁለት ቀን ስላረፈ ብቻ አባካኝ አይባልም። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄው ቶሎ መዘጋቱ ነው። ለዘመድ ትንሽ ብር ይላካል፣ ልብ ይቀልላል፣ አለቀ። ከሥሩ ያለው ሌላ ጥያቄ ግን በብር አይዘጋም፦ ያረፍንበት ውኃ የማን ነው?

እስቲ መጀመሪያ ከምድሩ እንነሳ። የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ እነ ሆራና ባቦጋያ፣ የፍንዳታ ጉድጓዶች ናቸው። ከታች የሚወጣው የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነና ምድሩን በረቀሰው፤ የቀረውን ጉድጓድ በኋላ ውኃ ሞላው። ዳርቻቸው ገደል የሆነው ለዚህ ነው። ቢሾፍቱ የሚባለው ሐይቅ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ሻላ ደግሞ አንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ የቀረ ጎድጓዳ ነው፤ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም የሚበልጠው የለም። በዳርቻው የሚፈልቀው ፍል ውኃ ወደ ምድር የሰረገ ውኃ ነው፤ በጋለ ዐለት ሞቆ በስንጥቆች መካከል ተመልሶ ይወጣል። (ብዙ ጊዜ ስለምትጠይቁ፦ ከምንጩ ማዕድን የተነሳ ጣዕሙና ሽታው የተለወጠ ውኃ እንደ ባሕር ውኃ ነው፤ ውዱእ ይደረግበታል። መጀመሪያ ግን ሙቀቱን አረጋግጡ፤ የሚያቃጥል ቦታ አለ።)

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች የሚጋሯቸውን ሦስት ነገሮች ነግረውናል፦ ውኃ፣ የግጦሽ ሣርና እሳት። ይህን ሐዲስ ባሰብኩ ቁጥር የሻላ ዳርቻ ይታየኛል። ሦስቱ አንድ ላይ አሉ፤ የምድር እሳት ያፈላው ውኃ፣ አጠገቡ ከብት የሚግጥበት ሜዳ። የአካባቢው ሰው ገላውን ይታጠብበታል፣ ልብሱን ያጥብበታል፣ በሚፈላው ቦታ በቆሎ ይቀቅልበታል፣ ወገቡን ያመመው ይነከርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። «የማንም አይደለም» እና «የሁላችንም ነው» የሚሉት ሁለት አባባሎች ሲሰሙ ይመሳሰላሉ፤ በተግባር ግን ተቃራኒ ናቸው። የማንም ያልሆነን ነገር ያገኘ ሰው ይወስዳል፣ ይሄዳል፤ ማንንም አይጠይቅም። የጋራ የሆነን ነገር የሚነካ ሰው ግን ሸሪክ አለው። ሸሪክ ያለው ሰው ደግሞ የሌላው ድርሻ እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ ድርሻዬን ተደሰትኩበት ሊል አይችልም። የመዝናኛ ማስታወቂያ ሁሉ ተፈጥሮን የሚያሳየን በመጀመሪያው ዓይን ነው፦ ባዶ ዳርቻ፣ ሰው የሌለበት ውኃ፣ ለአንተ ብቻ የተዘጋጀ። ሐዲሱ የሚያሳየን በሁለተኛው ነው።

በሁለተኛው ዓይን ስናይ ስልካችን ራሱ ይከብደናል። ፍል ውኃው ዳር የሚታጠቡ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ መታጠቢያ ቤታቸው ነው። ማንም ሰው ለንደን ወይም ሪያድ ባለው መታጠቢያ ቤታችሁ ገብቶ ቪዲዮ ቢቀርጽ ምን ትሉ ነበር? ዓይንን መስበር ለመንገድ ብቻ የታዘዘ አይደለም። ይህ ግልጽ ስለሆነ አላስረዝመውም።

ከበድ የሚለው አብያታ ነው። አብያታ ከሻላ ጋር በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ጎረቤት ሐይቅ ነው፤ በመካከላቸው ካለው ከፍታ ላይ ቆሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ሻላ ጥልቅ ነው፣ አብያታ ግን ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ የሚገባለት ውኃ ሲቀንስ ወዲያው ይሸሻል። ዋናው ገባሪው የቡልቡላ ወንዝ ሲሆን የሚነሳውም ከዝዋይ ሐይቅ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት የዝዋይና የገባሮቹ ውኃ ለመስኖ ተሳበ፤ ከአብያታ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃ ተቀዳ። ሐይቁ በእጅጉ ጠበበ፤ ጨውነቱም ጨመረ። ዓሣው ሲጠፋ ዓሣ በል ወፎቹ ምግባቸውን አጡ። ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ነጭ ሜዳ አንድ ጊዜ የሐይቅ ወለል ነበር።

በመስኖው ከሚለማው መካከል ጽጌረዳ ይገኝበታል። ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ ዝዋይ (ባቱ) ላይ የምታዩአቸው ሰፋፊ የፕላስቲክ ቤቶች የአበባ እርሻዎች ናቸው፤ ከኢትዮጵያ የሚላከው አበባ አብዛኛው ወደ ኔዘርላንድስ ይጓዛል፣ ከዚያም ወደ ሌሎች የአውሮፓ ገበያዎች። ስለዚህ ከእናንተ አውሮፓ የምትኖሩት ቤታችሁ አጠገብ ካለው ሱቅ ለእናታችሁ አበባ ስትገዙ የዚያ ሸለቆ ውኃ በእጃችሁ ሊሆን ይችላል። አበባ አትግዙ ማለቴ አይደለም። በእነዚያ እርሻዎች ብዙ ሺህ ሰዎች፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ እንጀራቸውን ያገኛሉ፤ ከሩቅ ሆኖ የሌላውን እንጀራ መዝጋት ቀላል ነው። ማለት የፈለግሁት «እኔ የሁለት ቀን እንግዳ ነኝ፣ ምን አገባኝ» የሚለው አባባል ከእውነታው ጋር አይገጥምም ነው። ሸሪክነታችን ሎጅ ስንገባ አልጀመረም፣ ስንወጣም አያበቃም።

አንድ አስተዋይ ወጣት እዚህ ላይ «እኔ ሻወር ባሳጥር አብያታ ይመለሳል?» ሊል ይችላል። አይመለስም። ሐይቁን ያደረቀው የቱሪስት ሻወር አይደለም፤ እንደዚያ ብዬ ላሳምናችሁ ብሞክር ላታልላችሁ ነው። ነገር ግን ሸሪክ የሚጠየቀው ምን ያህል ወሰደ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ የጋራው ነገር ሲበላሽ ጠየቀ ወይ፣ አወቀ ወይም ተብሎ ነው። የአባቶቹ የጋራ መሬት እየጠፋ ሳለ «የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት» ብሎ ዝም ያለ ወንድም በሽማግሌ ፊት አይመሰገንም።

ጥያቄው ወደ ቢሾፍቱም ይመለሳል። የባቦጋያ ዳርቻ ሰፊው ክፍል በሎጆችና በግል ግቢዎች ተይዟል፤ ጥሩ አልጋና ጥሩ ዕይታ ያለው እዚያ ነው፣ መሄዱም ሐራም አይደለም። ግን የከተማው ልጅ ሐይቁን የሚነካው በየት በኩል ነው? በአንጻሩ አዲስ አበባን አስቡ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰው ወደዚያ የሳበው ፍል ውኃው ነበር፤ እስከ ዛሬም የፍል ውኃ መታጠቢያ ቤት ሹሙም ተራው ሰውም ከፍሎ የሚገባበት ነው። ፍጹም ነው አልልም፤ ደረጃ ደረጃ አለው፣ ወረፋም አለው። ቢሆንም ከምድር የወጣውን ሙቀት አንድ ከተማ ተካፍሎታል።

በሚቀጥለው ጉዞ ሎጅ ስትገቡ አስተናጋጁን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የግቢው ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? የአካባቢው ሰው ወደ ውኃው የሚወርደው በየት ነው? መልሱን ላያውቅ ይችላል፤ ቢሆንም እንግዶች ስለዚህ እንደሚጠይቁ ያውቃል። ሻላ ከደረሳችሁ ደግሞ ከፍል ውኃው ቀጥታ ወደ መኪና አትመለሱ። ወደ ከፍታው ውጡና ሁለቱን ሐይቆች አብራችሁ እዩ፤ ከዚያም አብሯችሁ ያለውን ጠባቂ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ከሆነ ደግሞ «ጋሼ» ብላችሁ፣ በልጅነቱ የአብያታ ውኃ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር በእጁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።