የልብ ጸጥታ ከሥራ መሸሽ ነውን?

የሰው አካል በወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ልቡ በሌላ ስፍራ መዋሉ እጅግ የተለመደ ነገር ነው። ጸሐፊው ደብዳቤውን እየጻፈ ስለ ቤት ኪራይ ያስባል፤ መምህሩ ትምህርቱን እያስረዳ ትናንት የሰማውን ክፉ ቃል በልቡ ያመላልሳል፤ ተማሪውም መጽሐፉን ገልጦ ገና ስላልደረሰው ፈተና ይጨነቃል። ሦስቱም በሥራቸው ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱም በዚያ የለም። እንዲህ ያለው የልብ መባከን ድካምን እንጂ ፍሬን ስለማያስገኝ፣ አስተዋዮች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ መድኃኒቱን ሲፈልጉ ኖረዋል። ካገኙትም ሁሉ ቀላሉ፣ በጸጥታ ተቀምጦ ትንፋሽን ማስተዋል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ ሥራ ተከምሮ፣ ባለጉዳይም በደጅ ቆሞ ሳለ፣ ሰው ለገዛ ልቡ ጸጥታን መሻቱ ተገቢ ነውን? ወይስ ራስን መውደድ ነው?

ለመፍረድ አስቀድሞ ዘዴውን ማወቅ ይገባል። ሰው ጸጥ ባለ ስፍራ በወንበር ወይም በምንጣፍ ላይ ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጣል፤ ትከሻውን ያላላል፤ ዓይኑን ይከድናል። ከዚያም ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ በአፍንጫው ጫፍ የሚሰማውን ስሜት ይከታተላል። ትንፋሹን ሊያስረዝም ወይም ሊያሳጥር አይሞክርም፤ እንዳለ ይተወዋል። ጥቂት ሳይቆይ ልቡ ይሸፍታል፤ ወደ ዕዳው፣ ወደ ቂሙ፣ ወደ ምኞቱ ይሄዳል። መሸፈቱን ባወቀ ጊዜ ራሱን ሳይወቅስ ልቡን በቀስታ ወደ ትንፋሹ ይመልሳል። መቶ ጊዜ ቢሸፍት መቶ ጊዜ ይመልሰዋል፤ ትምህርቱ ያለው ከዚህ መመለስ ላይ ነውና። ለጀማሪ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ይህ ልምምድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ በሕንድ አገር በቡድሐ ተከታዮች ዘንድ ሲሠራበት የኖረ ነው። በመጻሕፍታቸው ስለ አንድ ሶና ስለሚባል መነኩሴ ይተረካል። ሶና ትጋትን ከመጠን አሳልፎ፣ እግሩ እስኪደማ ድረስ እየተመላለሰ ቢደክምም ያሰበውን ፍሬ ስላላገኘ ምንኩስናውን ለመተው አሰበ። ቡድሐም ሶና ቀድሞ የአውታር መሣሪያ ይመታ እንደ ነበር አስታውሶ፣ አውታሩ እጅግ ሲከርር ወይም እጅግ ሲላላ ጥሩ ድምፅ ይሰጥ እንደ ሆነ ጠየቀው። በገናና ክራር ሲቃኝ ላየ ለአገራችን ሰው ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያሻውም። የሚፈለገው ዕረፍት እንቅልፍ ያልሆነበት፣ ንቃትም ጭንቀት ያልሆነበት መካከለኛ ቅኝት ነው።

ጽሙና ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብጽ በረሓ የተስፋፋው የምንኩስና ሥርዓት ወደ ኢትዮጵያም ደርሶ በገዳማት ሥር ሰዷል፤ በነሐሴም በፍልሰታ ጾም ብዙ ምእመናን ከሥራቸው ተለይተው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሱባኤ ይገባሉ። ሆኖም ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ጸሎት ሰው ወደ ፈጣሪው የሚያቀርበው ነገር ነው፤ ትንፋሽን ማስተዋል ግን ልብን በአንድ ስፍራ ማቆየት የሚማሩበት ልምምድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ብዙ ሰዎች ጽሙና ለመነኩሴ እንጂ ደሞዝ ለሚቀበልና ኃላፊነት ለተሸከመ ሰው አይሆንም ይላሉ። ለዚህ ክርክር መልስ ከሚሆኑት ሰዎች አንዱ ዛሬ ሚያንማር በምትባለው በበርማ አገር የኖሩት ኡ ባ ኺን ናቸው። «ኡ» ማለት እንደ እኛ «አቶ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1899 ተወልደው፣ በሒሳብ ሥራ ደረጃ በደረጃ አድገው፣ አገራቸው በ1948 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ የመጀመሪያው የመንግሥት ዋና ሒሳብ ሹም ሆኑ። ትንፋሽን የማስተዋልን ልምምድ የተማሩት በ1937 ከአንድ ገበሬ መምህር ነው። ሹመት ሲያገኙም ልምምዱን አልተዉም፤ በመሥሪያ ቤታቸው ለሚሠሩት ሠራተኞች አስተማሩት፤ በ1952ም በራንጉን ከተማ የማስተማሪያ ማዕከል አቋቋሙ። በዚያው ዘመን ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጊዜ እስከ መምራት ደርሰዋል። በ1971 እስኪሞቱ ድረስም ማስተማራቸውን አላቋረጡም። እንግዲህ ጸጥታ ሰውን ከሥራ የሚያሸሽ ቢሆን ኖሮ፣ የአንድ አዲስ መንግሥት ሒሳብ በእኚህ ሰው እጅ ባልተጠበቀ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከ1953 እስከ 1961 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ስዊድናዊው ዳግ ሐመርሾልድ ናቸው። በኒውዮርክ በሚገኘው በድርጅቱ ሕንፃ ውስጥ የጸጥታ ክፍል እንደ አዲስ እንዲሠራ በቅርብ ተከታትለው፣ በ1957 አስከፍተውታል። በክፍሉ መካከል ብርሃን የሚያርፍበት ትልቅ የብረት ማዕድን ድንጋይ ቆሟል፤ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። የዓለም ጠብ ሁሉ በሚሰማበት ሕንፃ ዝምታ ስፍራ እንዲኖረው መደረጉ፣ በሥራው መብዛት ምክንያት እንጂ በሥራ መጥፋት አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ አለ። ጉቦ የሚበላ ሹም፣ ድኻን የሚበድል ዳኛም ልቡን ሊያሳርፍ ይችላል። ክፉ ሥራውን በጸጥታ የሚሠራ ሰው ከሚጨነቀው በዳይ ይልቅ የሚያስፈራ አይደለምን? የዚህ ልምምድ የጥንት መምህራን አደጋውን ያወቁት ይመስለናል፤ በእነርሱ ሥርዓት ተማሪው ትንፋሹን ከመመልከቱ በፊት እንዳይገድል፣ እንዳይሰርቅ፣ እንዳይዋሽ፣ እንዳይሴስንና አስካሪ መጠጥ እንዳይጠጣ ቃል ይገባልና። ኡ ባ ኺንም የሚያስተምሩት በዚሁ ሥርዓት ነበር። በእኛ ዘመን ልምምዱ ወደ ሐኪም ቤት ገብቷል፤ በአሜሪካ ጆን ካባት ዚን የተባሉ ሊቅ ከ1979 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለሕሙማን አስተምረውታል። ይህ ለብዙ ሰው ጥቅም የሰጠ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ጤናማ ሰው ከልምምዱ ዕረፍቱን ብቻ ወስዶ ምግባሩን ቢተው፣ ሕሊናው እንዳይነቃ የሚያስተኛበት መድኃኒት ያደርገዋል።

ስለዚህ እውነተኛው ጸጥታ ከደንታ ቢስነት የሚለይበት ሚዛን ያስፈልጋል። ያን ሚዛን የምናገኘው ከተቀመጥንበት ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ከጠረጴዛችን ወዲያ ማዶ ከቆመው ሰው ዘንድ ነው። አንድ ባለጉዳይ ለአራተኛ ጊዜ ተመላልሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ እንበል። ልቡ የባከነ ሹም ቁጣውን በቁጣ ይመልሳል፤ ደንታ ቢሱ ደግሞ ፈገግ ብሎ «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ማስተዋልን የተለማመደው ግን ደረቱ ሲሞቅና ትንፋሹ ሲፈጥን ያውቃል፤ ከስድቡና ከመልሱ መካከል አንዲት ትንሽ ጊዜ ያገኛል፤ በዚያችም ጊዜ «ይህ ሰው አራት ጊዜ የተመላለሰው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከዚያም ተነሥቶ ፋይሉን ይፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአባቶች ተረት የሚያስተምረን የዚያችን ትንሽ ጊዜ ዋጋ ነው።

እንግዲህ የልብ ጸጥታን መሻት ራስን መውደድ የሚሆነው በራሳችን ላይ ሲቀር ነው። ወደ ሌላው ሰው ሲደርስ ግን የምንከፍለው ዕዳ ነው፤ ወደ እኛ የመጣ ሰው ሙሉ ልባችንን ሊያገኝ ይገባዋልና። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር እናሳስባለን፦ 10ሩ ደቂቃ ከራሳችን ጊዜ ይወሰድ እንጂ ከባለጉዳዩ ጊዜ አይወሰድ። ሹሙ ከቤቱ ሳይወጣ፣ መምህሩ ደወሉ ሳይደወል፣ ተማሪውም መጽሐፉን ሳይገልጥ ቢቀመጥ ይበቃዋል። የቢሮው በር በሚከፈትበት ሰዓት ግን በሩ ይከፈት፤ ወንበሩም ሰው ይኑርበት፤ በወንበሩም ላይ ያለው ሰው ልቡ አብሮት ይኑር።